የታመመ ሰው አስታመሽ ታውቂያለሽ?

ፈሪ ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ የገዛ ጥላዋን ትፈራለች» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ አልተሳሳተችም። ጊንጥ እፈራለሁ፤ ጊንጥን እንኳ በእኛ ቆላ የማይፈራ የለም። እኔ ግን ስልክ ሲጮህም እፈራለሁ። ሮቢ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሲያጓራ እፈራለሁ። ሰው ስሜን ጠርቶ ዝም ካለ፣ ያጠፋሁት ነገር ባይኖርም እፈራለሁ። ስለዚህ ደጋ ላይ ካለ አንድ የጤና ኮሌጅ ተደውሎ «የጽሑፍ ፈተናውን አልፈሻል፣ ሰኞ ጠዋት ለቃል ፈተና ቅረቢ» የተባልኩ ዕለት፣ እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው እኔ ጓሮ ሄጄ አስመለሰኝ።

ነርስ መሆን እፈልግ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲህ አጥብቄ የፈለግኩት ነገር የለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም፤ በዚያ ዓመት ከክፍላችን ያለፈው በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረኝ በር ኮሌጁ ነበር። እሱ ከተዘጋ ወይ ከአባቴ ጋር ሽንኩርት ስኮተኩት መኖር ነው፣ ወይ እንደ ጓደኞቼ ፓስፖርት አውጥቶ ዓረብ አገር መሄድ። ዓረብ አገርን ከጊንጡም ከወንዙም አብልጬ እፈራው ነበር።

ነርስነትን ያስወደዱኝ ጎረቤታችን ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ ክርስቲያን አሮጊት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ቤሩት ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል። የእኛንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው የእሾህ አጥር ነው፤ እሱም ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። አንድ ጠዋት ከመኝታቸው ሊነሱ ሲሉ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሆስፒታል ሰንብተው «ከእንግዲህ ቤት ወስዳችሁ አስታምሙ» ተብለው ተመለሱ። የሚያስታምም ሰው ግን ቤታቸው አልነበረም።

እናቴ ምግባቸውን ያዘች። እኛ ያረድነውን እሳቸው አይበሉም፣ እሳቸው ያረዱትን እኛ አንበላም፤ የማሾ ወጥ ግን ሃይማኖት የለውም። ገላቸውን ማጠብ ለእኔ ደረሰ፤ እናቴ ወገቧን ስለምትታመም ሰው ማንሳት አትችልም።

በመጀመሪያው ቀን ባልዲ ይዤ ስገባ እትዬ «በሩን ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁት። «መስኮቱንም።» መስኮቱንም ዘጋሁ። የከተማችንን የሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቤቱ ወዲያው እንደ ምድጃ ጋለ። ከዚያ በደህናው እጃቸው ክንዴን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ።

«አደራሽን ሆዴ፣ ገመናዬን ለሰው እንዳትሰጭብኝ። ከእኔና ካንቺ አይውጣ።»

«ወላሂ አልናገርም፣ እትዬ» አልኩ።

የማልኩት ያለ ብዙ ማሰብ ነው፤ እሳቸው ያለቅሱ ስለነበር። ግን ከአፌ ከወጣ በኋላ መሐላ ሆነ። ማታ መማሌን ለአባቴ ስነግረው ራሱን ነቀነቀና «ደግ አድርገሻል። የሠራሽውን ካወራሽው አጅሩ፣ ምንዳው፣ እዚያው ይቀራል» አለኝ። ሰፈሩ እትዬ መተኛታቸውን ያውቃል፤ ማን እንደሚያጥባቸው ግን ማንም አይጠይቅም፣ እኛም አንናገርም። በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት በአጥሩ ቀዳዳ እሾልካለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ ጨርቃቸውን እለውጣለሁ፣ ጀርባቸውን በቅባት አሻለሁ። ክረምትና በጋ ተፈራረቀ፤ አንድም ቁስል ጀርባቸው ላይ አልወጣም። እኔ በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ ምዬበታለሁና እኮራበታለሁ ማለት አልችልም ነበር።

የዚያን ሰኞ ማለዳ ቀድሜ ሄጄ አጠብኳቸው። ውሃ ደረታቸው ላይ ደፋሁባቸው። አልተቆጡም።

«ሂጂ፣ እመብርሃን ትከተልሽ። የሚጠይቁሽን ሁሉ ሳትፈሪ መልሺ» አሉኝ።

ሳትፈሪ! ለእኔ! በሆዴ እየሳቅኩ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን አልሳቅኩም።

በእኛ አገር መንገድ ሰላም ካጣ ወዲህ መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ እንዴት አደረ?» ብሎ ነው። አባቴ ለሚያውቀው ሹፌር ደወለ። ሹፌሩ «እስካሁን ሰላም ነው» አለ። ይቺ «እስካሁን» የምትባል ቃል ሆዴ ገብታ ቁጭ አለች። ሚኒባሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን፣ መታወቂያ ታየ፣ ተሳፈሩ ተባልን። አባቴ መታወቂያውን ወደ ኪሱ ሳይመልስ እስከሚቀጥለው ኬላ በእጁ እንደያዘ ተጓዘ። አባቴ የማይፈራ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ከደብረ ሲና በላይ ያለው ዳገት ጉም ለብሶ ነበር። መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ ስንገባ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ወጥተን ስገልጥ ሌላ አገር ነው፤ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጆሮ ይቆርጣል። ሁለታችንም ለቆላ ነው የለበስነው። አባቴ ሸሚዙ ላይ ጣል ያደረጋት ፎጣ ላብ ለመጥረግ እንጂ ለሌላ የምትሆን አልነበረችም። ኮሌጁ በር ላይ ጥበቃው «ተፈታኝ ብቻ ነው የሚገባው» ሲል አባቴ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ዞር ብዬ ሳየው እጁን አውለበለበልኝ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ወፍራም ጃኬት ለብሳለች። ማስቲካ ሰጠችኝና ስለ ፈተናው አወራችኝ። ከፊቷ የገቡትን ሁሉ ጠይቃለች።

«ለሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነው» አለች። «የታመመ ሰው አስታመሽ ታውቂያለሽ ይላሉ። ዋናው ነጥብ እሱ ላይ ነው አሉ። እኔ አያቴን እስኪሞቱ ድረስ አስታምሜያለሁ ልል ነው።»

«አስታመሻቸዋል?»

«እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት» ብላ ሳቀች።

ማስቲካው አፌ ውስጥ ደረቀ። የአጥንት ስም፣ የመድኃኒት ስም፣ ምንም ይጠይቁኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያነበብኩት እሱን ነው። እነሱ ግን የሚጠይቁኝ የማልኩበትን አንድ ነገር ነው። ተነስቼ ወደ አባቴ ልሮጥ አሰብኩ። ምን ልለው ነው? «አባ፣ ልናገር ወይ?» ብለው፣ አጅሩ እዚያው ይቀራል ያለኝ እሱ ነው። እትዬም ዓይኔ ላይ መጡብኝ፤ ክንዴን ጭብጥ አድርገው። ገና ሳልነሳ ስሜ ተጠራ።

ሦስት ናቸው። መሐል ነጭ ጋዋን የለበሱ ሽማግሌ፣ በስተግራ የሚጽፍ ወጣት፣ በስተቀኝ ሹራብ የደረቡ አንድ ሴትዮ። ክፍሉ በረዶ ነው። ጥርሴ እየተጋጨ ሰላምታ ሰጠሁ። ሴትዮዋ «አይዞሽ፣ አንበላሽም» አሉኝ። እንዲያ ሲሉኝ ይበልጥ ፈራሁ።

ሽማግሌው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ስለ ወባ ጠየቁኝ፤ ወባ የእኛ ነው፣ ጥሩ መለስኩ። ወጣቱ ሲጽፍ አየሁት፣ ትንሽ ልቤ ተመለሰ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደፊት ጠጋ አሉ።

«የታመመ ሰው አስታመሽ ታውቂያለሽ?»

ወደ መሬት አየሁ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ቤት ውስጥም ቢሆን? እናትሽን፣ አያትሽን? ጎረቤትም ሊሆን ይችላል እኮ።»

ጎረቤት ሲሉ ያወቁብኝ መሰለኝ። ፊቴ ነደደ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቤታችን የታመመ ሰው የለም።»

ይህ እውነት ነው። ቤታችን አልነበረም፤ በአጥሩ ማዶ ነበር። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ሽማግሌው መነጽራቸውን አወረዱ።

«ታዲያ ልጄ፣ ነርስነትን ለምን መረጥሽው?»

ለዚህ ጥያቄ ያለኝ መልስ እትዬ ብቻ ነበሩ። ጀርባቸው ነበር፣ ንጹሑ ጀርባቸው፤ ታጥበው ሲጨርሱ የሚያወጡት ረጅም ትንፋሽ ነበር።

«ሕዝቤን ለማገልገል» አልኩ።

ወጣቱ ፈገግ አለ፤ ያን መልስ ከጠዋት ጀምሮ ከሁሉም ሰምቶት መሆን አለበት። መጻፉንም ተወው። ሴትዮዋ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ተደገፉ። «በቃ፣ አመሰግናለሁ» አሉኝ። በሩ ጋ ስደርስ የቀጣዩ ተፈታኝ ስም ተጠራ።

አባቴ እዚያው የተውኩት ቦታ ቆሟል። «እንዴት ነበር?» አለኝ። «ደህና» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። መኪና ውስጥ ግን የተጠየቅኩትንም የመለስኩትንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ደግ አድርገሻል እንዲለኝ ነበር የምጠብቀው። እሱ ግን በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዘ። ዋሻውን አለፍን፣ ጠመዝማዛውን ወረድን፤ ምንም አላለም። ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም አባቴ ብድግ አለ።

«ውረጂ።»

«አባ፣ አልደረስንም እኮ።»

«ውረጂ አልኩሽ። እንመለሳለን።»

አባቴ ከዐስር ሶላት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ የሚል ሰው ነው። ዘንድሮ ለለቅሶ እንኳ ከሰዓት በኋላ ሄዶ አያውቅም። ፀሐዩ ዘንበል ብሏል፣ እሱ ግን ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ያስቆማል። ልብሱን ይዤ ልጎትተው ምንም አልቀረኝም።

ኮሌጁ ጋ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። አባቴ ለጥበቃው ይነግረው ጀመር። ያኔ ነው ሊያደርግ የመጣው የገባኝ።

«አባ ተው! ምያለሁ!»

ወደ እኔ ዞረ። «የማልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልማልኩም» አለኝ።

ጥበቃው እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ሰውዬው ጨዋ ነበር። «አባቴ፣ ለእኔ ቢነግሩኝ ምን አደርግልዎታለሁ?» አለው። በዚህ መሐል የግቢው ትንሽ በር ተከፍቶ ሹራብ የደረቡት ሴትዮ ወጡ። አባቴ መንገድ ዘጋባቸው። እኔ አጥሩ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

«እመቤት፣ ይቺ ልጅ ዋሽታችኋለች» አለ አባቴ። ብርዱ ቃሉን ይቆራርጥበት ነበር። «ጎረቤት አለን፣ ግማሽ ጎናቸው አይሠራም። ይቺ ናት የምታጥባቸው። ታገላብጣቸዋለች፣ ከሥራቸው የሚወጣውን ትጠርጋለች፣ ትለውጣቸዋለች። ዘመዳችን አይደሉም፣ ክርስቲያን ናቸው። በየጠዋቱ ነው። ሴትዮዋ ገመናዬን አደራ ብለዋት ምላ ነው እንጂ፣ አታውቅም አይደለም። ወላሂ!»

አባቴ ሲምል ሰምቼው አላውቅም ነበር። በገበያ የሚምል ነጋዴ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። አሁን በሰው አገር አስፋልት ላይ፣ መንገደኛ ቆሞ እየሰማው፣ የእትዬን ጨርቅ ሳይቀር አውጥቶ አሰጣው። የእኔን አጅርም የእሱንም አብሮ። ሴትዮዋ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ወደ እኔ አዩ።

«ታዲያ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል ስልሽ ምን ነካሽ?»

ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

«ነጥቡ ገብቷል፣ አባቴ» አሉት ለእሱ፤ የደከማቸው ይመስሉ ነበር እንጂ ክፉ አልነበሩም። «ደግሞስ ለልጁ የማይመሰክር አባት የት አለ? ለሚቀጥለው ጊዜ ትሞክር።» ሻርፓቸውን አጠባብቀው ሄዱ።

ወደ ቆላ የሚወርድ ሚኒባስ ስላለቀ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። ጠመዝማዛው ላይ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊያስቆመን ሲሞክር ሹፌሩ ነዳጅ ረገጠ፤ አባቴ የቀኝ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ ወደ ታች ተጫነኝ፣ በከንፈሩ ቁርአን ያነበንባል። ማን እንደነበረ አላውቅም። መንገድ የጠፋበት ገበሬ ሊሆን ይችላል። መሽቶ ስንደርስ የሮቢት ሙቀት ተቀበለን።

የሚቀጥሉት ቀናት ከዚያም የባሱ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ባልዲዬን ይዤ ስሾልክ እትዬ ገና በሩን ሳልዘጋ «ውጤቱ ወጣ?» ይሉኛል። «አልወጣም፣ እትዬ» እላለሁ። ያ አንዱ ፍርሃት ነው። ሌላው ደግሞ፣ ያ መንገደኛ፣ ወይም ጥበቃው፣ ወይም የሚያውቀን ሹፌር አንድ ቀን ያወራና ገመናቸው ደጋ ከተማ ላይ በአደባባይ መነገሩን ይሰማሉ የሚል ነው። ጀርባቸውን ሳሽ እጄ ላይ ያለው ውሃ ይሁን ላብ አላውቅም።

ውጤቱ ሲለጠፍ አባቴ የሚያውቀው ሹፌር ደጋ ሄዶ እግረ መንገዱን አይቶ ደወለ። ስሜ የለም። አባቴ ስልኩን ዘግቶ መኮትኮቻውን አነሳና ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። ሲሄድ አየሁት እንጂ ሲመለስ አላየሁትም፤ ለምሳም አልመጣም። እናቴ ለአክስቴ ደውላ ስለ ፓስፖርት ስትጠይቅ ከጓዳ ሰማሁ።

በማግስቱ በሩንና መስኮቱን ዘጋሁ። እትዬን በጎናቸው አገላብጬ፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ሲሆን፣ ድፍረት መሰል ነገር መጣልኝ።

«እትዬ፣ አልገባሁም።»

«ምነው? ምን ጠይቀውሽ አጣሽው?»

ነገርኳቸው። ጥያቄውን፣ አላውቅም ማለቴን፣ መሐላውን፣ የአባቴን መመለስ፣ በሩ ላይ ያለውን ሁሉ። አንዳች ሳላስቀር። ጀርባቸው በእጄ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ገደልኳቸው አልኩ።

«ይቅር በሉኝ፣ እትዬ። አባቴ ነው እንጂ እኔ ቃሌን አላጠፋሁም…»

«አዙሪኝ» አሉ።

አዞርኳቸው። እያለቀሱ ነበር፤ የታመመው ጎናቸው ከንፈራቸውን ስለሚይዘው ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው የሚያለቅሰው።

«ያን ጊዜ ያልኩሽን ነው እስከ ዛሬ ይዘሽ የኖርሽው?»

«ምዬ ነዋ።»

«ወይ ልጄ! ያን ጊዜ እኮ አላውቅሽም ነበር። ያን ጠዋት ከዚህ ከወጣሽ ጀምሮ ምን ስል እንደዋልኩ ታውቂያለሽ? እመቤቴ፣ አስታመሽ ታውቂያለሽ ይበሏት፣ ስለ እኔ ይጠይቋት ስል ነው የዋልኩት። ተኝቼም ቢሆን ለአንድ ነገር ጠቀምኩ ልል ነበር።» ደህናውን እጃቸውን አንስተው ክንዴን ያዙ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን አልነበረም፣ ኃይላቸው አልቋል። «ምነው ብትነግሪያቸው! ሌላ ምን አለኝ የምሰጥሽ?»

ውሃው ሳይቀዘቅዝ እግራቸውን አጠብኩ፣ ጨርቃቸውን ለወጥኩ፣ ነጠላቸውን አለበስኳቸው። ባልዲውን ላነሳ ስል ጠሩኝ።

«በሩን ክፈችው።»

«እትዬ፣ ሰው ያልፋል እኮ።»

«ይለፍ። ክፈችውና ነገ ደግሞ ሳትዘጊው እጠቢኝ።»

ፈራሁ። ግን ከፈትኩት።